ምሳው በየትኛው በር ይግባ

ልጄ ሸረፈዲን ምሳውን አሟጦ በልቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት ተቆጣጣሪ ሆኖ ከተቀጠረ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃውን የምሞላለት እኔ ነበርኩ፤ ሲመለስ ጥግ ላይ አንዲት ጉርሻ ተጠቅልላ አገኛለሁ። «ድርሻሽ ናት» ይለኛል። ልጅ ሳለ፣ እህል በጠፋበት ዓመት፣ «በልቻለሁ» እያልኩ ጦሜን እንደማድር ደርሶብኝ ነበር። ጉርሻዋን ማስቀረት የጀመረው ያኔ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሞልቶትም አልተወም።

ጥቅምት ላይ ሁለት ሰዎች ሥራ ቦታው መጡና «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው በመኪና ወሰዱት። ምሳ ዕቃውን የሥራ ባልደረባው አመጣልኝ። ስከፍተው ምሳው እንዳለ ነበር።

በእኛ አገር ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ ስንቅ ያደርሳል። ዘበኛው ከተቀበለ ሰውየው እዚያ አለ ማለት ነው፤ «የለም» ካለ ወደ ሌላ በር ይኬዳል። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ስልክ የሚደውል የለም፤ የሚናገረው ምሳ ዕቃው ነው። እኔም አምስት ወር ሙሉ ከበር በር ዞርኩ። ኮምቦልቻ ሁለት በር፣ ደሴ ሦስት በር። የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለሆነ ፈረቃዬን ከሰው ጋር እየቀያየርኩ ሰኞና ሐሙስን ነፃ አወጣለሁ። ልጄ ከተወሰደ ወዲህ ሁለቱን ቀን እጾማለሁ። ዱዓ እያደረግሁ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፤ ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ ሆኖ ሙቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

የመጨረሻው በር ከደሴ ወጣ ያለ፣ ረጅም ግንብ ያለው ግቢ ነው። አረንጓዴ የብረት በር አለው፤ በሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስኮት አለች። ከዚያ ግቢ የተፈታ አንድ ሰውዬ ሸረፈዲን ሱብሂ ሶላት ላይ ቁርአን ሲቀራ ድምፁን ይሰማ እንደነበር ሹክ ብሎኛል። ዘበኛው ግን ሁልጊዜ ፊቴን ሳያይ «እዚህ እንዲህ የሚባል ሰው የለም፣ እናት» ይለኛል። ምሳውን መንገድ ላይ ላገኘሁት ሚስኪን ሰጥቼ እመለሳለሁ።

መጋቢት ሲገባ የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ አቶ ወንድምአገኘሁ ደሴ እንደሚመጡ ተሰማ። የምክር ቤት አባል ናቸው፤ መንግሥትን በሚጠይቁበት ቀን የሚያነሱትን ጥያቄ ከሕዝቡ በጽሑፍ ይሰበስባሉ ተባለ። የነገረችኝ ብዙዬ ናት። ብዙዬ ጎረቤቴ ናት፣ ፋብሪካም ከእኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ ትሠራለች፤ ምላሷ ሚጥሚጣ ነው። የልጄን ስም ወረቀት ላይ አስፍሬ ለተቃዋሚ መስጠት እንደሚያስፈራኝ ነገርኳት።

«አንቺ ጣይባ» አለችኝ፣ «ሁለት ዓመት የጎልማሶች ትምህርት የተመላለስሽው የዘይት ጄሪካን ላይ ያለውን ልታነቢ ነው? ጻፊና ስጪያቸው።»

ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለት ገጽ ሞላ። መወለዱን ጻፍኩ፤ የአባቱን ሞት፣ ኩፍኝ ይዞት መትረፉን፣ ሰው ሰድቦ እንደማያውቅ፣ ደመወዙን ተቀብሎ መጀመሪያ የገዛልኝ ጫማ እንደሆነ ጻፍኩ። የትኛው እንደሚጠቅመው ስለማላውቅ ምንም አላስቀረሁም።

አዳራሹ ከሰኞ ገበያ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰልፉ እስከ ሽንኩርት ሻጮቹ ደርሷል። ሰውየውን በቴሌቪዥን ብቻ ስለማውቃቸው ግዙፍ አድርጌ አስባቸው ነበር። አጭር ሰው ናቸው፤ የኮታቸው እጅጌ ጫፉ ተበልቷል። ወረቀቴን ተቀብለው ቆመው አነበቡት። ዓይናቸውን ስከተል አንድም መስመር አልዘለሉም። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«እናቴ፣ እዚያ የሚሰጡኝ ደቂቃ ጥቂት ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ይመልሱልዎታል ቢባል የትኛውን ይመርጣሉ?»

ለምን ታሰረ ልል ነበር። መቼ ይፈታል ልል ነበር። ከዚያ ከበሩ መልስ እጄ ላይ የያዝኩትን ምሳ ዕቃ አየሁት።

«ምሳውን በየትኛው በር ላድርስ?» አልኩ።

እስክሪብቶአቸውን ሰጡኝ። ወረቀቱን ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ዘርግቼ ከአናቱ ጻፍኩት። ልመልስላቸው ስል ግን እጄ አልለቅ አለ። ስሙ እዚያ ሲጠራ ይጎዱት ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። አይጎዱትም እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት።

«አላውቅም፣ እናቴ» አሉ። «ሳልጠራውም ሊጎዱት ይችላሉ። ልምልልዎ አልችልም። ጥራው ካሉኝ እጠራዋለሁ፤ ካላሉኝ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፣ አልቀየምዎትም።»

ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። ያ ረቢ፣ ልጄን በገዛ እጄ አሳልፌ ልሰጠው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በአምስት ወር ውስጥ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራልኝ አንድ ሹም እንደሌለ ታወሰኝ። ዘበኛው እንኳ «እንዲህ የሚባል» ነው የሚለው።

«ይጥሩት» አልኩና ወረቀቱን ለቀቅሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እህል አልወረደልኝም። ማሽኑ ላይ ክር ሲበጠስ ልቤ ይበጠሳል። ሄጄ ወረቀቱን ላስመልስ እያልኩ ስንት ጊዜ ተነሳሁ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ትለኛለች ብዙዬ፤ አብሽሪን ከእኛ ከሙስሊሞቹ ነው የለመደቻት።

የጥያቄው ቀን ማክሰኞ ሆነ። ኮምቦልቻ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፈቃድ ጠይቀን ወደ ደሴ ወጣንና ፒያሳ አንድ ካፌ ገባን። ቴሌቪዥኑ ያለፈ ሳምንት ኳስ ያሳያል። ብዙዬ ፓርላማው ላይ እንዲያደርግልን አስተናጋጁን ጠየቀችው። ከጎናችን የተቀመጠ ጎረምሳ «እናቶች፣ እዚያ እኮ ጎል አይገባም» አለን።

«ያንተው ቡድንስ መቼ አገባ?» አለችው ብዙዬ። ካፌው ሳቀ፤ ጣቢያውም ተቀየረ።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ታየ። ያን ሁሉ ሹም በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ፊት ወረቀት፣ ሁሉም ፊት ውሃ፣ ሁሉም ፊት ድምፅ ማጉያ አለ። አቶ ወንድምአገኘሁ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ከሰው ሁሉ መሐል ሲቆሙ ይበልጥ አጠሩብኝ። ስለ ማዳበሪያ ጠየቁ፣ ተጀምሮ ስለቀረ መንገድ ጠየቁ፣ ሠራተኛው ስለሚገዛው ዘይት ጠየቁ። ሰዎች አጉረመረሙባቸው። አንዳንዱ ጠረጴዛ መታ። እርሳቸው ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። እኔ የቀበሌ ጸሐፊ ፊት ስቆም ጉዳዬን ረስቼ የምመለስ ሴት ነኝ፤ አንድ ሰው ለብቻው ቆሞ መንግሥትን እንዲህ ሲጠይቅና መሬት ሳትከፈት ሳይ፣ ሱብሃነላህ፣ አፌን በሻርፔ ያዝኩ።

አፈ ጉባኤው ግማሽ ደቂቃ እንደቀራቸው አስታወሷቸው። አቶ ወንድምአገኘሁ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የወረቀቱን እጥፋት አወቅሁት።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የመጨረሻው ጥያቄ የእኔ አይደለም። የኮምቦልቻዋ የወይዘሮ ጣይባ ነው። ልጃቸው ሸረፈዲን ሀፊዝ ከተወሰደ አምስት ወር ከአሥራ ሦስት ቀን ሆኖታል። ፍርድ ቤትም አልቀረበም። እንደጻፉት አነበዋለሁ፦ ምሳውን በየትኛው በር ላድርስ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ብቻውን ቀርቶ ተቆረጠ። ብዙዬ ክንዴን ጨብጣኝ ነበር፤ ምልክቱን ያየሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

መልስ ሊሰጡ የመጡት ሚኒስትር ለማዳበሪያው ቁጥር ነበራቸው። ለመንገዱም ለዘይቱም ቁጥር ነበራቸው። ወረቀታቸውን እየገለበጡ አንድ በአንድ መለሱ። እኔ ጋ ሲደርሱ አንድ ገጽ ወደ ፊት ገለበጡ፤ መልሰው ወደ ኋላ ገለበጡ። ለምሳ ዕቃ የተዘጋጀ ገጽ አልነበራቸውም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን አላውቅም» አሉ። «እስከ ነገ ወዲያ አጣርቼ ለምክር ቤቱ አሳውቃለሁ።»

የመንግሥት ሰው «አላውቅም» ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የተሰማኝ ደስታ አይደለም። ሐረጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ወደ ኮምቦልቻ እንደማየት ያለ ነገር ነው፤ ያምራል፣ ግን ያስፈራል። አቶ ወንድምአገኘሁ ወረቀቴን አጥፈው ተቀመጡ። ማንም አልጎተታቸውም። ጎረምሳውም ወደ ኳሱ መልሱልኝ አላለም።

ሐሙስ ጾሜን ይዤ፣ ምሳ ዕቃዬን ሞልቼ፣ ከብዙዬ ጋር ወደ አረንጓዴው በር ሄድኩ። ሌሎች እናቶችም በየሰሐናቸውና በየፌስታላቸው ስንቅ ይዘው ቆመዋል። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። ወደ መስኮቷ ተጠጋሁ። ዘበኛው መጀመሪያ ምሳ ዕቃውን አየ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ።

«የሸረፈዲን እናት» አለ። «አምጪው።»

ስሙን ሲጠራው ሰማሁት። ምሳ ዕቃው በመስኮቷ አልገባ ሲል መቀርቀሪያውን ስቦ በሩን ከፈተው። ከኋላዬ እናቶቹ ሁሉ የያዙትን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ያኔ ነው ፍርሃቱ የመጣው። እኔን ዝም ለማሰኘት ቢሆንስ? ዘበኞቹ በልተውት ባዶውን ቢመልሱልኝስ? ባዶ ዕቃ ምን ይመሰክራል? ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መለሱልኝ። ቀሏል። ክዳኑን ይዤ ቀረሁ።

«ክፈቺው እንጂ፣ እባብ የለበትም» አለች ብዙዬ፤ ድምፅዋ ግን የእሷ አይመስልም።

ከፈትኩት። ጥግ ላይ አንዲት ጉርሻ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

ብዙዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ግንቡ ዞረች። እኔ አላለቀስኩም። እንዳትነቃነቅ ቀስ ብዬ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። ብዙዬ ብዪያት አለችኝ፤ ጾም ነኝ አልኳት። ዛሬማ አላህ ይቅር ይልሻል ብላ ተቆጣችኝ። አምስት ወር የቆየ ሰው እስከ መግሪብ ይቆያል አልኳት።

ዳገቱን በሚኒባስ ስንወርድ ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ ነበር። ረዳቱ ከወንበር ሥር ላስቀምጥልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ቤት ገብቼ ከፊቴ አስቀምጬው አዛን ጠበቅሁ። ማፍጠሪያ ተምር ነበረኝ። ጉርሻዋ ጫፏ ደርቋል፣ ሽሮዋም ቀዝቅዟል። ሙአዚኑ ሲጀምር ቢስሚላህ ብዬ በእሷ አፈጠርኩ።