ወደ ላይ ያልወጣው ዘይት

ሰፈሩ በሙሉ ካቻቢቴ ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው። አባቷ የሞቱ ጊዜ ወንዶቹ ዘመዶች ጋራዡን ማን ይረከብ ብለው ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ፣ እሷ የአባቷን ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ፣ የሰው ሞተር እየፈታች ነበር። ስብሰባው ሳያልቅ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተከራከራትም፤ የሚከራከራት ቢገኝም በምላሷ ነው የምትበታትነው፣ ያውም ያለ ቁልፍ።

ዛሬ ጠዋት ግን ያ ምላስ የት እንደገባ እንጃ።

ታናሽ ወንድሟ የጤና ጣቢያውን ሞተር እየገፋ መጣ። ነርስ ነው። በዚህ ሞተር ዳገቱንም ቁልቁለቱንም እየዞረ ሴቶችን በየቤታቸው ያዋልዳል። ከአራት ቀን በፊት ምጥ ወደ ጠናባት ሴት ሲበር ሞተሩ ዳገቱ ወገብ ላይ እንደ ፍም ግሎ ቀጥ አለ። ቢለው ቢሠራው አልነሳ አለ። ጥሎት፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ በእግሩ ሮጠ። እናትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

አሁን መሥሪያ ቤቱ "ሞተሩ ከተጠገነ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ መንገድ ላይ የቆየኸው አንተ ነህ" ብሎ ደብዳቤ ጽፎበታል። እኩለ ቀን ላይ የስምሪት ኃላፊው መጥቶ የመካኒክ ቃል በጽሑፍ ይወስዳል። ሞተሩ ጤነኛ ከተባለ ልጁ ከሥራው ይባረራል፤ ዕድሜ ልኩንም "ሕፃን ያስገደለው ነርስ" ሲባል ይኖራል።

ለመሆኑ ከሁለት ሳምንት በፊት የጠገነው ማነው? አትልፉ፤ ካቻቢቴ ናት። የጤና ጣቢያው ሞተሮች የጥገና ውል የእሷ ነው።

"እቴቴ፣" አላት ወንድሟ፣ የቁልፍ ሣጥኑ ላይ ቁጢጥ ብሎ፤ "እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነድቼው ነው እንዴ የተበላሸው?"

"ዝም በል። ሞተርና በሽተኛ ሳይታዩ አይፈረድባቸውም፤ አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ የምትለው?"

እንዲህ ትበል እንጂ በሆዷ ሌላ ነገር ትለምን ነበር። መጀመሪያ ጭቃ ለመነች። የዚህ ሞተር ማቀዝቀዣው ነፋስ ነው፤ ነፋሱ የሚያልፍባቸው ስስ ክንፎች ጭቃ ከዋጣቸው ይግላል፤ ጭቃ ደግሞ የነጂው ስንፍና ነው። ጎንበስ ብላ አየች። ክንፎቹ ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ወንድሟ ሸሚዙን የማያጥበውን ያህል ሞተሩን ያጥባል።

ቀጥሎ የዘይት ጉድለት ለመነች። መለኪያውን ስባ አየችው፤ ልክ ነው። አሸተተችው፤ አርሯል፣ ግን ሞልቷል። ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ብላ የኋላ ጎማውን አንስታ አሽከረከረችው፤ እንደ እንዝርት ሾረ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታች። ጫፉ ነጭ ቢሆን ቤንዚን አንሶት ነው የጋለው ማለት ነበር። ቡናማ ነው፣ የደህና ሞተር ካንዴላ።

አንድ ነገር በታየ ቁጥር ወንድሟ ነፃ ይወጣል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ደስ አላላትም። ምክንያቱም ከእሱ ላይ የወረደው ጥፋት መሬት ላይ አይቀርም፤ አንድ ሰው ላይ መውጣቱ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት በበሩ አለፍ ስትል፣ "ካቻቢቴ! ምነው ዛሬ ስድብ አይሰማም፣ አመመሽ እንዴ?" አለች።

"ለአንቺ ያስቀመጥኩት አለ፣ ሥራዬን ልጨርስ።"

"እሱን በጨርቅ ጠቅልይልኝ፣ በኋላ እወስደዋለሁ!" ብላ እየሳቀች ሄደች።

ካቻቢቴ አልሳቀችም። ካንዴላውን መልሳ ሞተሩን አስነሳችው፤ በርዶ ስለ ነበር ተነሳ፤ ጥቂት ደቂቃም ሲሠራ ተወችው። ጣቷን ውኃ ነክራ ከታች የሞተሩ ሆድ ላይ ጠብ አደረገች፤ ውኃው ዝም ብሎ ፈሰሰ። ከላይ ራሱ ላይ፣ ቴስታታ የሚሉት ጋ ጠብ ስታደርግ ግን ችስስ! ብሎ ጠፋ። ታች ለብ ያለ፣ ላይ እሳት። የላይኛውን ትንሽ መክደኛ ፈታችና ፊቷን አስጠግታ ጠበቀች። ሞተር ሲዞር ዘይት ከታች ተገፍቶ ወጥቶ ቴስታታውን ያረጥባል። ደህና ቢሆን ይህን ጊዜ ፊቷ ላይ ይረጭ ነበር። እሷም እንዲረጫት የዚያን ዕለት ያህል ለምና አታውቅም።

ጠብ ያለ የለም። ውስጡ ደረቅ ነው።

"ምነው? ምን አየሽ?"

"ሳህኑን አቀብለኝ። ብሎኖቹን እንዳይጠፉ እዚያ ላይ ደርድርልኝ።"

ሞተሩ ሲበርድ ቴስታታውን አነሳች። በጎኑ ዘይቱ የሚወጣባት ቀዳዳ አለች፤ የክብሪት እንጨት ውፍረት ብትሆን ነው። ቀዳዳዋ ውስጥ ቀይ ነገር ተወትፏል። በሽቦ ስትስበው እንደ ትል እየተለጠጠ ወጣ።

የአባቷ ቤት አንድ ኩራት ነበረው። ሌላው መካኒክ "ሞተሩ ይነሳል" ብሎ ሲፎክር እሳቸው "ከእኔ ቤት የወጣ ሞተር አያንጠባጥብም" ነበር የሚሉት። ለዚህ ሲሉ ጓርኒሲዮኑን፣ ማለት በብረትና በብረት መሀል የሚገባውን ማሸጊያ፣ በላዩም በታቹም ቀይ ሲልከን የሚባል ሙጫ ይቀቡታል። "በሲልከን አትንፈጊ" ብለው እጇን ይዘው ነው ያስተማሯት። የእሳቸው ዘመን ሞተሮች ግን በዚያ በኩል የዘይት መንገድ አልነበራቸውም፤ ቢቀቧቸውም ቢለስኗቸውም ደንታ የላቸውም። ይኼኛው ማሸጊያውን ከፋብሪካ ይዞት የመጣ፣ ምንም የማይቀባ ነው። እሷ ቀዳዳዋን አላየሁም አትል ነገር፣ በገዛ ጨርቋ ጠርጋታለች። ጠርጋ፣ ቀብታ፣ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ትርፉ ሲልከን ተጨምቆ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባ። አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ አሥር ቀን ሄደ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሲልከን።"

"ከየት መጣ?"

"ከእጄ።"

ወንድሟ ትሉን አየው፤ ቀጥሎ ቀዳዳዋን። ገባው። የዘይት መንገድ አያውቅም፤ የደም ሥር ሲዘጋ ግን ምን እንደሚሆን ያውቃል። "ወረቀቱ ላይ አትጻፊው" አላት። "ሞተሩ ደህና ነበር በይ። ጋራዡ ከተዘጋ እማዬን ምን ልታበያት ነው? እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።"

"ማን ይቀጥርሃል? ሕፃኗን ያስገደለው ነርስ መጣ ብለው ወንበር ይስቡልሃል?"

"ወንድ ነበር፣" አለ ቀስ ብሎ። "ሕፃኑ።"

የስምሪት ኃላፊው ሰዓቱን ሳያዛንፍ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር እንዳይበዛበት ብቻ ነው የሚፈልገው። የተፈታውን ሞተር እንኳ አላየም።

"እንግዲህ አጠር አድርጊልኝ፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ አይደል? አንቺን የከሰሰ የለም። ሁለት መስመር ብቻ ነው።"

ያቺን ሁለት መስመር ልትጽፍ ትችል ነበር። ወንድሟም ተዘጋጅቶላት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ካቻቢቴ እጇን በቱታዋ ጠረገች።

"ደህና አይደለም። የዘይቱን መንገድ እኔ ዘግቼዋለሁ። በሲልከን። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ማንም ቢነዳው ዳገቱ ላይ ይቆም ነበር። ወረቀቱን ያምጡት፣ ልፈርም።"

"ሴትዮ፣ ይኼ ተጻፈ ማለት ውሉ አለቀ ማለት ነው። ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል።"

"የባሰውማ ከአራት ቀን በፊት መጣ፣ ጌታው።"

ፈረመች። ሰውየው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዘይት እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ወጣ። ወንድሟ ድኗል። የዳነ ሰው ፊት ግን አልነበረውም።

"ዳገቱ ላይ ሞተሩን በእርግጫ መታሁት፣" አላት። "ከዚያ ራሴን ሰደብኩ። ፋብሪካውን ሰደብኩ፣ መንገዱን ሰደብኩ። ማታም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሁሉንም አንድ በአንድ ተራ አስገብቼ እከስሳቸው ነበር። አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩሽም፣ እቴቴ።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ አነሰባት። ለቁልፍ መጥፋት የሚባለው ቃል ለዚህም ያው ነው? ቴስታታውን ስታገላብጥ ድንገት እጇ ቆመ።

"የዳቦ አመላላሹ፣" አለች።

"ምን?"

"የእሱም ሞተር እንደዚሁ ነው። ያንኑ ሳምንት ነው የዘጋሁት። የመምህሩም። አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት..." እጇን አየችው። "ሚስቱን ኋላ አፈናጦ በትልቁ ዳገት ነው የሚሄደው፣ መምህሩ።"

ወንድሟ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ።

"መምህሩን እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆመዋለሁ። አንቺ ወደ ዳቦ ቤቱ ሂጂ።"

ይህን ሲል አላያትም። እሷም እስኪያያት አልጠበቀችም። ጋራዡን ሳትዘጋ፣ ሞተሩን እንደተበታተነ ትታ፣ በቱታዋ ወጥታ ሮጠች።