የቆጡ ጽድ

ልብስ ሰፊው ምንይሉ ጊታር ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰሞን መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ያላንኳኳው እንጨት አልነበረም። ጊታር መምታት እንኳ አይችልም። ሚስቱ ምሥራቅ ጥላው ደብረ ብርሃን ከገባች ወዲህ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ሆኖ ነበር። እንዲሁ ሲነካካ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በጓሮው ጊታር ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘና እዚያው ተተከለ። ሰውየው የሚናገረውን ብዙም አይሰማም፤ እጁን ግን ያያል። መቀስና መርፌ ይዞ ያደገ ሰው ደግሞ የሰው እጅ አይቶ መማር አያቅተውም።

ፈረንጁ ደጋግሞ የሚያሳየው አንድ ነገር ነበር። እርጥብ ጣውላ ያነሣና ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ በእርጥብ እንጨት የተሠራ ጊታር ያመጣል፤ ፊቱ ተሰንጥቆ፣ አንገቱ ተጣሞ። የደረቀውን ግን በጣቱ ሲያንኳኳው እንጨቱ ራሱ ይዘፍናል። ምንይሉ ይህችን ትምህርት በደንብ ያዛት። ኋላ የሆነውን ነገር የሚያናድድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ አላወቀም ነበር እንዳይባል አጥርቶ ያውቅ ነበር።

መንዝ ላይ ያረጀ ደረቅ እንጨት ማግኘት ቀላል አይደለም። ዓይን የሚያየው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ጽድ ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ መጥረቢያ ይዞ የሚገባ ሰው ገና አልተወለደም። ምንይሉ የሰው በር፣ የጠላ ቤት አግዳሚ፣ የጎረቤት ሣጥን እያንኳኳ ጆሮውን ሲያስጠጋ ሰዉ ጤንነቱን ተጠራጠረ። ምሥራቅ አሳብዳው ሄደች ተባለ።

የሚፈልገውን ያገኘው እናቱ ቤት ነው። ወይዘሮ ጌታነሽ ከከተማው ወጣ ባለች መንደር፣ ሟቹ ባላቸው ተገኘ በሠሩት የድንጋይ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። መስከረም ገና ብቅ ባለበት ሰሞን አንድ ቀን ሊጠይቃቸው ሄዶ፣ ከተቀመጠበት ቀና ሲል ቆጡን የተሸከሙትን ሁለት የጽድ ግንዶች አያቸው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋድመዋል፤ የምድጃው ጢስ ለብዙ ዓመት ሲያጥናቸው ኖሮ እንደ ቀንድ ጠቁረዋል። በላያቸው የዘር ገብሱና ባቄላው በማዳበሪያ ተሞልቶ ተደርድሯል። በርጩማ ላይ ቆሞ አንዱን በጣቱ አንኳኳው። እንጨቱ ረጅምና ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ምንይሉ ሳያስበው ሳቀ።

«እማዬ፣ እነዚህን ስጪኝ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ የሚፈትሉትን የበግ ጠጉር ጭናቸው ላይ አኖሩ። «አባትህ ከግሼ በስንት መከራ ያስመጣቸው ናቸው። ምን ልታደርጋቸው ነው?»

«ጊታር ልሠራባቸው።»

«ጊታር ምንድነው?»

«ትልቅ ክራር በይው። በምትካቸው ሌላ አስገባልሻለሁ።»

እናቱ ፊቱን አዩት። «ውሰዳቸው» አሉ በመጨረሻ።

የዚያኑ ዕለት ከጓሮ ሁለት ባሕር ዛፍ ጣለ። ዛፎቹ የክረምቱን ውኃ እስኪበቃቸው ጠጥተዋል፤ ልጣቸውን ሲገፍፍ እጁ ራሰ። ጽዱን አውርዶ እነሱን በቦታው አጋደመና ማዳበሪያዎቹን መልሶ ጫነባቸው። እንግዲህ ለትልቅ ክራር ደረቅ ጣውላ ሲለምን የከረመ ሰው፣ እናቱ ከሚተኙበት መደብ በላይ፣ ልክ ከአናታቸው፣ በዕለቱ የተቆረጠ እርጥብ ግንድ ሰቀለ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ምን እንደሚያደርግ የመንዝ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ከተቀመጠበት ይሸሻል። ምንይሉ ግን ሥራውን እያንጎራጎረ ጨርሶ ጽዱን በአህያ አስጭኖ ወረደ። ከባሕር ዛፉ ጫፍ የተረፈውን ቁራጭም ለሥራ ይሆነኛል ብሎ ይዞት ሄደ።

ጓደኛው አንዷለም የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ጽዱን በመሰንጠቂያው ሲከፍተው ውስጡ ቀይ ሆኖ ተገኘ፤ ሽታው ጣውላው ከገባበት ከምንይሉ ሱቅ አልፎ መንገድ ላይ ይሸት ነበር። ምንይሉ የጊታሩን ጎን ለማጠፍ የከሰል ካውያውን አጋለ። የመጀመሪያው ጣውላ ተሰበረ፣ የሚቀጥለው ከሰለ፣ ከዚያ በኋላ አንዱ እሺ ብሎ ታጠፈ። ማጣበቂያ ቀብቶ በመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ጠፈረውና፣ ቅርጹን እንዳይለቅ ያን የባሕር ዛፍ ቁራጭ አስደግፎ አብሮ አሰረው። የሰው ሱሪ ሳይሰፋ መሰንበት ጀመረ። ደንበኞቹ ቢቆጡም ደስታው ፊቱ ላይ ስለሚነበብ ብዙ አልጨከኑበትም።

ጥቅምት ገባ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ይነጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያ ደረቅ ነፋስ ይነሣና የጭቃውንም፣ የሣሩንም፣ የእንጨቱንም ውኃ ይመጥጣል።

«በሩ አልዘጋ አለኝ» አሉት እናቱ አንድ እሑድ።

ምንይሉ ደስ አለው። ለጊታሩ የገዛውን አዲስ መላጊያ ይዞ መጥቶ የበሩን ጠርዝ ላገው፤ ፍቅፋቂው ቀጭንና ረጅም ሆኖ ሲወጣ እናቱን ጠርቶ አሳያቸው። በሩ ተዘጋ። ለዓመታት እሺ ሲል የኖረ በር ዛሬ ለምን እምቢ እንዳለ ግን አልጠየቀም።

በሌላው እሑድ ግድግዳው ጭቃ እንደሚያራግፍ ነገሩት። አይጥ ይሆናል አለ። ኅዳር ሲገባ ቤቱ መንቋቋት ጀምሯል አሉት። ብርድ ነው አላቸው። ከመደቡ ራስጌ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አየና ራሱ ጭቃ አቡክቶ ደፈነው፤ ሲደፍን ሥር ያለው ድንጋይ ወደ ውጭ ገፋ ማለቱ እጁን ነክቶታል፤ ልቡን ግን አልነካውም። እናቱም ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ ምንም ሳይሉ የጊታሩን ነገር ብቻ ይጠይቁት ጀመር። ፊቱ ተገጠመ ወይ? ጀርባውስ? እሱም እያንዳንዷን ነገር ያስረዳቸዋል፤ ከላያቸው ያሉት ግንዶች ቀስ እያሉ ይዞራሉ።

ጊታሩን ሊጨርስ ክሩ ብቻ ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ገባና ደርቆ ቀረ። ያ ገና ያልተፈታ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ተጠማዝዟል። መሐሉ ተሰንጥቆ፣ ካላማዳሪያውን በጥሶ፣ የጊታሩን ጎን ከጀርባው አላቆ ከፍቶታል። ምንይሉ የስንት ወር ድካሙን አይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ። ቁራጩን አንሥቶ መሬት ላይ ሊወረውረው ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። የዚህ እንጨት ቀሪው የት እንዳለ አስታወሰ።

ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ። የመንደሩን ዳገት እየሮጠ ሲወጣ የሚለው «እናቴን፣ እናቴን» ብቻ ነበር። ደጃፉ ሲደርስ ግድግዳው እንደ ደረሰች ነፍሰ ጡር ወደ ውጭ አብጧል። በሩ ግማሽ ተከፍቶ በመቃኑ ተነክሶ ቆሟል። በትከሻው ሊገፋው ሲጠጋ ከላይ ትቢያ ዘነበበትና አፈገፈገ። በክፍተቱ አጮልቆ አየ። እናቱ እቆጡ ሥር ተቀምጠው ጠጉር ይፈትላሉ። ከበላያቸው ባሕር ዛፉ ተገልብጦ ዞሯል፤ ጫፉ ከግድግዳው ወጥቶ አንድ ጣት በማትሞላ ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀስ ብለሽ ነይ።»

«ይህችን ልጨርስና።»

«አትጨርሺ። በእግዚአብሔር ነይ።»

ፊቱን አዩና እንዝርቱን አስቀመጡ። በመደቡ ጠርዝ ታክከው መጡ፤ እጃቸውን በክፍተቱ ሲያወጡለት ያዘና ሳበ። አጥንታቸው ሳይሰበር በዚያች ቀዳዳ መውጣታቸው የክሳታቸው ነገር ነው። ገና ግቢው መሐል ሳይደርሱ ከኋላቸው አንድ ግንድ ጮኸ። ቀጥሎ ገብሱ፣ ባቄላው፣ ድንጋዩ ባንድነት ወረደ፤ አቧራው በበሩ ወጥቶ ሁለቱንም አለበሳቸው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «መድኃኔ ዓለም አወጣዎት» እያለ መጥቶ የወደቀውን ከበበ። መደቡ የነበረበት ቦታ የድንጋይ ክምር ሆኗል። ምንይሉ እናቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እርጥብ ነበር» አለ። «እርጥብ እንጨት ነው ያስገባሁብሽ።»

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «ያን ቀን ማታ ውኃው ፊቴ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ነው ያደረው።»

ምንይሉ ዞሮ አያቸው። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እዚያ ሥር ስትተኚ ኖርሽ?»

እናቱ ከነጠላቸው ላይ አቧራውን አራገፉ። «ያቺ ከሄደች ወዲህ ስትስቅ ያየሁህ ያን ቀን ነው። ብናገር እንጨቱን ትመልሰዋለህ፤ ተመልሰህም እንደዚያው ትሆናለህ። እኔማ ምን ቀረኝ፤ ልጄ እስኪጨርስ ቤቱን ብቻ ያቆየው እያልኩ ስጸልይ ነበር።»

ሌሊት ሌሊት ግንዱ ሲንቋቋ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዳምጡ፣ ጠዋት ተነሥተው የረገፈውን ጭቃ ሲጠርጉ ለምንይሉ ታየው።

«አለቀ ወይ?» አሉት።

ጊታሩ ጎኑ ተከፍቶ ሱቁ ወለል ላይ ተጋድሟል።

«አዎ እማዬ» አለ ምንይሉ። «አልቋል።»

«እሰይ» አሉ እናቱ፣ ጭንቅላቱን እየዳሰሱ።