«አልሳሳትም» የሚል ደብተር

ሰውየው በዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ተማሪዎቹ «አቶ ማረጋገጫ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ጠልቶት አያውቅም። ድንጋይ ራስ የተባለ ተማሪ ሳይቀር እሱ ካስረዳው ይገባዋል። ዛሬ ግን የጥርስ ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ከስድስት ዓመት ልጁ ጋር ተፋጦ ተቀምጧል።

ነገሩ የመጣው ካለፈው ሳምንት ነው። የልጅቱ ድድ አብጦ መርፌ ሲታዘዝላት፣ አባት ሆዬ «እኔ ልሙት፣ ቅንጣት አያምሽም» ብሎ ሦስት ጊዜ ማለላት። አመማት፤ ያውም እንዴት አድርጎ። ከዚያ ወዲህ «ውጭ ዝናብ ነው» ቢላት እንኳ መስኮት ከፍታ ታያለች። ዛሬ የተበላሸው ጥርስ ይነቀላል፤ እሷ ደግሞ የወንበሩን እግር ይዛ አልነሳም ብላለች።

«እንደማትዋሽ አረጋግጥልኝ» አለችው።

ሌላ አባት ቢሆን አሻንጉሊት ቃል ይገባ ነበር። የእኛው ሰውዬ ግን ደስ አለው፤ በሙያው ነው የመጣችበት።

«እሱን እንኳ ማንም አይችልም። በሒሳብ የታወቀ ነው» አለ ወንበሩን አስጠግቶ። «አንድ ደብተር አለ እንበል። መደመር ያውቃል፣ ማባዛት ያውቃል። ሲጠይቁት መልሱን ከነምክንያቱ ይጽፋል።»

«ይሳሳታል?»

«‹በፍጹም አልሳሳትም፣ ምክንያቴም ይኸው› ብሎ ቢጽፍልሽስ፣ ታምኚዋለሽ?»

ልጅቱ አሰበች። «ውሸታም ደብተርም እንደዚያ ይጽፋላ።»

«ጎበዝ። አንድ ብልህ የሒሳብ ሰው ደግሞ ከዚህም አልፎ አንድ ነገር አሳየ። እውነተኛው ደብተር ብዙ ነገር ያረጋግጣል፤ ‹አልሳሳትም› የምትለዋን ግን ስለ ራሱ በጭራሽ ማረጋገጥ አይችልም። ‹አረጋገጥኩ› ብሎ የመጣ ደብተር ካየሽ፣ ውሸታሙ እሱ ነው።»

ደረቱን ነፋ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ አሳጥሮ አስረድቶት አያውቅም።

ልጅቱ የወንበሩን እግር ለቀቀች። «ለዚህ ነዋ ሦስት ጊዜ የማልከው» አለች።

አቶ ማረጋገጫ አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። «አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለ። «እንደሚያም አውቅ ነበር። ስታለቅሺ ማየት ፈርቼ ነው።»

«ዛሬስ?»

«እውነቴን ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። «መርፌው ያማል፤ አስር እስክትቆጥሪ ድረስ። ከዚያ ድድሽ ይደነዝዛል። ሲነቀል መጎተቱ ይሰማሻል እንጂ ብዙም አያምሽም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እስከማውቀው ድረስ። ቀሪውን አንቺው ገብተሽ ታዪዋለሽ።»

ተራዋ ደረሰ። ተነሳች፤ እጇን ግን አልሰጠችውም። ከኋላዋ ተከተላት።

ሐኪሟ ደግ ሴት ናት። መርፌውን ከጀርባዋ ደብቃ ጎንበስ አለች። «የኔ ቆንጆ፣ እኔ ልሙትልሽ፣ ምንም አያምሽም።»

«ያማል» አለች ልጅቱ ከፍ ያለው ወንበር ላይ እየወጣች። «አባዬ ነግሮኛል።» የአባቷን ጣት ጨብጣ አፏን ከፈተች።