የመገኘት ፊርማ

ኳ! ኳ! ኳ! ድንጋይ ከደረጃው ብረት ጋር ሲላተም ሚሳኤል ገና ከአልጋው አልወረደም። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎካቸው ለስብሰባ የሚጠራው እንዲህ ነው። ወርዶ በዞረለት የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር ላይ ፈረመና ኮሚናሉ ደጃፍ፣ እንደ ልማዱ ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ።

አጀንዳው እትዬ አማከለች ናቸው። የብሎኩን ልብስ የሚያጥቡት ሴትዮ፣ ድግስና እርድ ከሚሠራበት ከዚህ የጋራ ቤት አንዷን ክፍል ተጠግተው ስድስት ዓመት ኖረዋል። ሌላ መጠጊያ የላቸውም። ነዋሪው ደግሞ ክፍሏን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈልጓታል።

«ሰው ናቸው፤ መብት አላቸው» አለ ሚሳኤል መሬት መሬት እያየ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሰው ሳቁ። «የቱ መብት ወንድሜ? መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አሳየኛ!»

«ሳይጻፍም አለ። ግፍ ግፍ መሆኑን ለማወቅ እጅ ማውጣት ያስፈልጋል እንዴ?»

«ኧረ ፈላስፋው!» አለች የሦስተኛ ፎቋ ሄርሜላ። «ግፍም እንደየሰዉ ነው። አንተ ግፍ ያልከውን እኔ ጽዳት እለዋለሁ። ትክክል ማለት ብዙው ሰው የተስማማበት ነው።»

«ብዙው ሰው ነገ አንቺን ውጪ ቢልሽስ?»

«አይልማ! ካርታ አለኝ።»

ሁሉም ሳቀ። እትዬ አማከለች ግን ከሚያጥቡበት ሳፋ አጠገብ፣ እጃቸው አረፋ እንደያዘ የሚሳኤልን አፍ ብቻ ያያሉ። እጅ አውጡ ሲባል እሱ ብቻ እጁን ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ደምሰው ቃለ ጉባኤውን አነበቡ፤ «...ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች፣ ግለሰቧ ክፍሉን ዛሬውኑ እንዲለቁ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል።» ከሥሩ ያ የዞረው ዝርዝር ተያይዟል።

«እኔ አልተስማማሁም!»

«ፈርመሃላ። ተራ ቁጥር ሰባት።»

«እሱ እኮ የመገኘት ነው!»

«ካልተስማማህ ምን ልትሠራ ተገኘህ ታዲያ?» አሉና ማኅተሙን መቱበት።

ወረቀቱን ነጥቆ መቅደድ ይችል ነበር። እጁ እንቢ አለው። በሰው ሁሉ ልብ ተጽፏል ብሎ ያመነበትን ያን ነገር በተሰብሳቢው ፊት ላይ ፈለገ፤ አጣው። በገዛ ደረቱ ፈለገ፤ እዚያም ፍርሃት ብቻ ነበር።

«የቱ ነው ያንተ?» አሉት እትዬ አማከለች ወደ ወረቀቱ ቀርበው። ማንበብ አይችሉም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«የቱ ነው ልጄ?»

በጣቱ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ፤ ወደ ክፍላቸው እንኳ ሳይገቡ፣ ልብሱን ሳፋው ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ትተው፣ በግቢው በር ወደ አስፋልቱ ወጡ።