ሳይታይ የተጻፈው ገቢር

በጋዜጣው ቤት «መርፌ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት የኪነ ጥበብ ዓምድ ስትጽፍ ያልወጋችው ተዋናይ የለም ማለት ይቻላል። ፊት ለፊት ደፍሮ በዚህ ስም የሚጠራት ግን ዋና አዘጋጁ ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን መርፌ መቀመጫ አጥታ ከርማለች። የመጀመሪያ ልቦለዷን ልትጨርስ ሦስት ምዕራፍ ቀርቷታል። ቢሮ ስትውል ልቧ ቤት ካለው ረቂቅ ዘንድ ነው፤ ቤት ስትገባ ደግሞ ቢሮው ይጠራታል። እሑድ ከሰዓት አዲስ ቴአትር ልታይ ሄደች። የመጀመሪያውን ገቢር እየተቁነጠነጠች አየችና በእረፍቱ ሰዓት ኮቷን አንጠልጥላ ውልቅ አለች። «የቀረውን ሳላየው አውቀዋለሁ» አለች ለራሷ። በማግስቱም፣ «መሪዋ ተዋናይ በሁለተኛው ገቢር ጨርሶ ዝላ ታየች» ብላ ጻፈች።

ጽሑፉ በወጣ ዕለት ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ ዝላ ታየች ያሉኝ ተዋናይ ነኝ። በሁለተኛው ገቢር እኮ መድረክ ላይ አልነበርኩም! እናቴ ታማ በእረፍቱ ሰዓት ሆስፒታል ሄጃለሁ። እኔን ተክታ የተጫወተችው ልብስ ሰፊያችን ናት። ልምምዱን ስትሰማ ከርማ ቃሉን ሁሉ በልቧ ይዛዋለች። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበላት። የእኔስ ግድ የለም፤ እሷ ግን ዛሬ ስለ እሷ የተጻፈ ካለ ብላ ጋዜጣውን ሦስቴ አገላበጠችው።»

መርፌ «እናትሽስ?» ብቻ አለች።

«ተሽሏታል፣ ተመስገን።»

ስልኩን አስቀምጣ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ከተመላለሰች በኋላ አዘጋጁ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ሳላይ ነው የጻፍኩት።»

አዘጋጁ መነጽሩን አወለቀ። «ከገጹ ግርጌ አንዲት መስመር እርማት ጣል እናደርግና ነገሩ ይለፍ።»

«በአናት ሰድቤ በግርጌ አልታረምም።»

«መርፌ፣ ባለቤቶቹ ዓምዱን ይወስዱብሻል።»

«ይውሰዱት» አለች።

ከሰዓት ወደ ቴአትር ቤቱ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ የኮት እጅጌ ትገጥማለች። ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ ወገቧን የሚያማት ሴት ናት። መርፌ ማንነቷንና ያደረገችውን ሳትደብቅ ነገረቻት።

ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ታዲያ አሁን ምን ፈለግሽ ልጄ?»

«ያላየሁትን ቢያሳዩኝ።»

ሴትዮዋ ሳቀች፣ አፈረች፣ በሩን ዘጋች። ከዚያ በተሰቀሉት ልብሶች መካከል ቆማ ገቢሩን ከሀ እስከ ፐ ተጫወተችው። ስትሳሳት «ቆይ፣ ቆይ» እያለች ትመለሳለች። መርፌ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ሳትነቃነቅ አየች። በገቢሩ ያለችው መበለት ልጇን ስትሸኝ የመርፌ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

የሚቀጥለው እሑድ ጽሑፉ በገጹ አናት ላይ ወጣ፦ «ሳላይ ዋሸሁ» ብሎ ይጀምርና ስለ ልብስ ሰፊዋ ይተርካል።

ዓምዱን ወሰዱባት። ማስታወቂያ አራሚ አደረጓት። አንዳንዱ ባልደረባ አንጀቱ ራሰ፤ አንዳንዱ ሰላምታ ነፈጋት። ለልብስ ሰፊዋ ሁለት ሚና ተሰጣት። ሁለተኛውን፣ «ወገቤ አላስቆም አለኝ» ብላ መለሰችው።

መርፌም ያለቁ የመሰሏትን ምዕራፎች እንደገና ስታነባቸው፣ በግማሹ ውስጥ ቀርባ ያላየቻቸውን ሰዎች እንደጻፈች ገባት። ቀደደቻቸው። አሁን በምሳ ሰዓት ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ሆስፒታል፣ ልብስ ስፌት፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ትዞራለች። መጽሐፉ መቼ እንደሚያልቅ ሲጠይቋት፣ «እኔ እንጃ» ትልና ደብተሯን አንስታ ብድግ ብላ ትሄዳለች።