የካሣ ኒያ

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ካሣ የመንገድ ድካም የጣለውን ታናሽ ወንድሙን አንዳርጌን መተማ አጠገብ ከአንድ ግራር ሥር አስተኛውና «ውሃ ይዤልህ እመለሳለሁ» ብሎት ሄደ። ድንበሩን ተሻግሮ ከአንድ ምንጭ ሲደርስ ስደተኛ የጫነ ሎሪ ሊነሣ ሲል አገኘ። ተሳፈረ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ያዕቁብ በሚባል ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። የወንድሙ ድምፅ ግን በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይጠራው ነበር። ጎንደር ዳኛ የነበረ አንድ ስደተኛ ታሪኩን ሰምቶ «ሕጉ የሚጠይቀው ሆነ ብለህ ትተኸው እንደሆነ ነው» አለው። የስደተኞቹ ቄስ ደግሞ «በልብህ ፈቅደኸው ነበር ልጄ?» አሉት።

በመጨረሻ ለያዕቁብ ነገረው።

«እኛ ዘንድ ሥራ የሚመዘነው በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው» አለ ያዕቁብ። «ስትሄድ ያሰብከው ምን ነበር?»

«መመለስ።»

«ሎሪው ላይ ስትወጣስ?»

«መኖር» አለ ካሣ።

ያዕቁብ አልፈረደበትም። «ተነሥ፣ አብረን እንሂድ» አለው።

ከግራሩ ሥር የድንጋይ ክምር አገኙ። ሰው ማየቷ ያስገረማት አንዲት አሮጊት ከጎጆዋ ወጥታ መጣች።

«ያስቀበርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሦስት ቀን ቆየ። ደግፌ ወደ ቤቴ ላስገባው ብል እንቢ አለኝ። ‹ወንድሜ ሲመጣ ያጣኛል› አለኝ።»

ካሣ ድንጋዩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በማግሥቱ ያዕቁብ ለጉዞ ሲጠራው አልተነሣም። አሮጊቷ ዘንድ እርሻዋን ሊያርስላት ቀረ፤ ያዕቁብም ብቻውን ወደ ገዳሪፍ ተመለሰ።