የአሥራ አራት ቁጥር ሽያጭ

በእርባታው የሚሠሩት ወንዶች «ሚዛን» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላት በመጣች በሳምንቷ ነው። አማቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ሃያ ሁለቱ የወተት ላሞች በልጃቸው፣ ማለትም በባሏ እጅ ወደቁ። ባሏ ላም ያውቃል፤ ከላም ውጪ ግን ብዙም አያውቅም። መኖ ነጋዴው የጠራለትን ዋጋ ይከፍላል፣ ወተት ሲተርፈው ለመንደሩ ያድላል። እሷ ደግሞ በዱቄት ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ስምንት ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የፋጉሎውን ጆንያ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነበር። እያንዳንዱ ጆንያ አራት ኪሎ ጎደለ።

«ባልሽ እኮ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም» አላት ነጋዴው፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«እኔ እንደ ባሌ አይደለሁም።»

ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣበቀባት፤ እሷም አልጠላችውም።

በሦስት ዓመት ውስጥ እርባታው እግሩን ተከለ። ላሞቹ ባሏ ያወጣላቸው ስም ቀርቶ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ተንጠለጠለላቸው። የምትበላውን ያህል የማትታለብ ላም ወደ ገበያ ትሄዳለች። ማቀዝቀዣ ታንክ በባንክ ብድር ተገዛ፤ ከወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት ጋርም ውል ተፈረመ። ባሏ አንዳንዴ «ይቺን እንዴት ትሸጫታለሽ? እናቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ» ይላታል። «እናቷ መጥታ መኖዋን ትክፈልላታ» ትለዋለች። ይስቃል። ያን ጊዜ ብዙ ይሣሣቁ ነበር።

አንድ ማለዳ አሥራ አራት ቁጥር በሰባት ወሯ ጨነገፈች። ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ የሞተውን ጥጃ በባዶ እጁ ጎትቶ አወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላዋ ተከተለች። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ሁለቱን ላሞች ዞር ዞር ብሎ አየና ጓንቱን ሳያወልቅ ተናገረ።

«የሁሉም ደም መመርመር አለበት። ይሄ ከላም ወደ ላም የሚዛመት የውርጃ በሽታ ይመስለኛል። ሰውንም ይይዛል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አንዲትም ላም እንዳይሸጡ። ወተቱም ሳይፈላ እንዳይጠጣ።»

«ከተገኘባቸውስ፣ ዶክተር?»

«የተገኘባቸው ይወገዳሉ። ወተት ለሚወስደው ድርጅትም ይነገራል።»

ሚዛን በልቧ አሰላችው። ውሉ የሚታደሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ውል ከሌለ የታንኩ ብድር አይከፈልም፤ ብድሩ ካልተከፈለ የአማቷ ቤትም ጭምር ይሄዳል። ድርጅቱ እንደሆነ ወተቱን አፍልቶ ነው የሚያሽገው፤ ማንም አይጎዳም አለች ለራሷ።

«ከአምስት ሳምንት በኋላ ይምጡና ይመርምሩ» አለችው።

ሐኪሙ ትክ ብሎ አያት። «እኔ ነግሬያለሁ፣ ወይዘሮ» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳውን ያለፈች፣ ወሬዋ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ የማይለይ ደግ ሴት ናት። አንድ ላም ለመግዛት ዓመት ሙሉ ስታጠራቅም ቆይታለች። ልጇ አርግዛ ወደ ቤት ተመልሳለች፤ ግማሹን ወተት ለእሷ፣ ግማሹን ለገበያ አስባለች።

«ያንቺን ያህል ላም የምታውቅ የለችም፣ ልጄ። አንቺ የመረጥሽልኝን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወስደው።»

ሚዛን አሥራ አራት ቁጥርን አሳየቻት። ውሉን ለማደስ ከድርጅቱ የሚመጡት ተቆጣጣሪዎች ሁለት ላም እንደጨነገፉ እንዳያዩ፣ አንዷ እንኳ ከበረቱ ብትወጣ ይሻላል ብላ ነበር።

«ጤነኛ ናት አይደል?»

«እኔ ሰጥቼዎት?» አለቻት፣ እየሣቀች። አዎ ናት አላለችም። ይህን ልዩነት ያኔ እንደ ትልቅ ነገር ቆጥራው ነበር። ዋጋውን ስትቀንስላት ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋን ስማ መረቀቻት። ገመዱን ይዞ ላሟን እስከ ጎረቤት ግቢ ያደረሰው የሚዛን ባል ነው።

ውሉ ታደሰ። ሐኪሙን ግን አልጠራችም፤ ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ወር ሄደ። በመሃል ባሏ ታመመ። ትኩሳቱ ይመጣል፣ በላብ ያጠምቀዋል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ወገቡና ጉልበቱ ተያዘ። ክሊኒኩ ታይፎይድ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠው። እሷ ታይፎይድ እንዳልሆነ ጠርጥራለች፤ ግን ለክሊኒኩ ምንም አላለችም። መናገር ማለት ሁሉንም መናገር ነበር።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በማሰሮ ወተት ይዛ ገባች። ፊቷ ከስሏል።

«ባልሽ እንደተኛ ነው አሉኝ። ይሄን አጠጪው፤ አሁን የታለበ ነው፣ ሙቀቱ እንኳ አልወጣም።»

ሚዛን ማሰሮውን ተቀበለች። «ልጅዎት ደህና ናት?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አልተረፈላትም። በስድስት ወሯ። ሐሙስ ነው የሆነው። ወንድ ነበር።» ቀሚሷ ላይ የቀረ ክር ለቀም አደረገች። «ትኩሳትም ነበራት እኮ። ጉልበት ይሆናታል ብዬ ጠዋት ማታ ከላሟ ሥር ነበር የማጠጣት። ምን ያላደረግኩላት ነገር አለ?»

«ሳያፈሉት?»

«ሲፈላማ ምኑ ይቀረዋል?»

ሚዛን ማሰሮውን መሬት አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ላሟ ታማ ነበር። ጨንግፋለች። ሰውን የሚይዝ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ በወተቱ ነው የሚተላለፈው። ልጅዎትን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። እርስዎም ይመርመሩ።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ማሰሮውን አየችና ጠየቀች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ትናንት ነው ብትል የሚያጣራ የለም።

«ከመሸጤ በፊት።»

ከውስጠኛው ክፍል የባሏ ድምፅ መጣ፤ ደክሞ፣ ግን ጥርት ብሎ። «እኔም አውቅ ነበር፣ እትዬ። እየጎተትኩ ያመጣሁልዎት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። አልጮኸችም። «ዋጋ ቀነሰችልኝ እያልኩ ስምሽን ለአገሩ ሁሉ አዳረስኩት እኮ» አለች። ማሰሮዋን እዚያው ትታ ወጣች።

በዚያው ቀን ሚዛን ሐኪሙንም ድርጅቱንም ጠራች። ሐኪሙ ነግሬሽ ነበር አላላትም፤ ደም ቀድቶ ሄደ። ከሃያ አንዱ ላሞች አሥራ አንዱ ላይ ተገኘ። ድርጅቱ ውሉን በአንድ ገጽ ደብዳቤ አፈረሰ። ባሏ ሆስፒታል ገብቶ ትክክለኛው መድኃኒት ተጀመረለት፤ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ወገቡ ግን ዘግይቷል ተባለ። አማቷ በማይታዘዝ አንደበታቸው «ላሞቹስ?» እያሉ ሲጠይቁ፣ «ግጦሽ ላይ ናቸው፣ አባባ» ትላቸዋለች። የልብስ ሰፊዋን ገንዘብ በምርመራው ነፃ የሆኑ ጊደሮች ሸጣ መለሰች። ልብስ ሰፊዋ ፖስታውን በሠራተኛ እጅ ተቀበለች፤ እሷን ግን ልታያት አልፈለገችም።

የታመሙት ላሞች ለመወገድ በሚጫኑበት ዕለት አሥራ አራት ቁጥርንም መውሰድ ነበረባት። ሠራተኞቹ እኛ እናምጣት ቢሏት እንቢ ብላ ራሷ ሄደች። በሩን የከፈተችላት የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ሹራቧን በእጇ ደረቷ ላይ ሰብስባ ይዛ ቆመች። ከቤት ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ ሚዛን ስትገባ ቀጥ አለ።

«ይቅርታ...» ብላ ጀመረች።

«አልታለበችም» አለች ልጅቷ። «እናቴ ከትናንት ጀምሮ አልነካትም ብላለች። ግቷ ተወጥሮ ያማታል። እለቢያትና ውሰጃት።»

ሚዛን የእያንዳንዷን ላም ወተት በግራም ታውቃለች፤ አልባ ግን አታውቅም። ሐኪሙ የሰጣትን ጓንት አጠለቀች፣ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ያለበት ባልዲ ከላሟ ግት ሥር አደረገችና ተንበረከከች። ጎተተች፤ ምንም አልመጣም። ላሟ እግሯን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። እንደገና ሞከረች።

«ከላይ ያዢው። ከላይ ጨምቀሽ ወደ ታች» አለቻት ልጅቷ፣ ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ።

ወተቱ መጣ። ባልዲው ውስጥ እየጮኸ ወረደ። ክንዷ እስኪዝል አለበች፤ ላሟም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዝም ብላ ቆመችላት። ልጅቷ አራቱም ጡት ባዶ እስኪሆን ጠበቀች። ከዚያ ገመዱን ከግንዱ ፈትታ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ከኋላቸው በሩን ዘጋች።